የሴሊካዬ ፍሪሲዮን፦ ከ14 ወርና ከ19 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ

የቀድሞው ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ዕቃ፣ እንደታመመ የገባኝ አባይ በረሃ ላይ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ጀምሬያለሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለውን ተሳቢ ለመቅደም ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ጮኸ። ዙር መቁጠሪያው ከ3 ሺህ ወደ 4 ሺህ 500 ዘለለ። መኪናዋ ግን በነበረችበት ፍጥነት ላይ ናት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መጀመሪያ ከተሳቢው የመጣ መስሎኝ ነበር። መስኮቱን ዘግቼም ሽታው አልጠፋም።

ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። 40 ደቂቃ ያህል ከዝንጀሮዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳላበዛ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ደብረ ማርቆስ እስክገባ ድረስ ልቤ አልተረጋጋም። በጣም ያናደደኝ ፍሪሲዮኑ ገና የ8 ወር ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው።

መኪናዋ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት። 1.8 ሊትር ሞተር፣ አምስት ማርሽ፣ ማንዋል። ለጎጃም መንገድ ዝቅ ትላለች ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን እወዳታለሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባና ባሕር ዳር የምመላለሰው በእሷ ነው።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ነገሩ የጀመረው ከአባይ በረሃው 8 ወር ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት አንደኛ ማርሽ አልገባ ይለኝ ነበር። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ይፈጫል። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ትንሽ ነድቶ ተመለሰና «ሸራው አልቋል» አለኝ። ሸራ ማለት ፍሪሲዮኑ ውስጥ ተጣብቆ ጉልበት የሚያስተላልፈው፣ እየተፋተገ የሚያልቀው ሳህን ነው። እኔም እሺ አልኩ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ፤ ኮፒ የሆነ ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ ገባ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማርሹ ያው አልገባም አለ። ትንሽ የለሰለሰው መንገድ ላይ ከሞቀ በኋላ ነው።

ያኔ ለመካኒኩ ያልነገርኩት ነገር ነበር። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጥ ማርሹ በቀላሉ ይገባ ነበር። ይህን አንድ ነገር ብናገር ኖሮ ካምቢዮው ባልወረደ። ሸራ ያለቀበት ፍሪሲዮን ፔዳል ስለደጋገማችሁ አይሻለውም። በመደጋገም የሚሻለው ከዘይቱ መስመር የመጣ ችግር ነው። ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማገጃ) ደክሟል።

ፍሪሲዮን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይታመማል። ወይ አልይዝ ይላል፣ ወይ አልለቅ ይላል። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ «ፍሪሲዮኑ ተበላሸ» ብሎ ይጠራቸዋል። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው።

አልለቅ ሲል ሸራው ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት፣ አልተላቀቀም ማለት ነው። ማርሽ መግባት እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሾቹን አስገቡ። በቀላሉ ከገቡና ሞተሩ ሲነሳ እምቢ ካሉ፣ ካምቢዮውን አትጠርጥሩ። ከዚያ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከፈጨ ፍሪሲዮኑ እየለቀቀ አይደለም። የዘይቱን ዕቃም ክፈቱ። የሚጨመርበት የፍሬን ዘይት ነው፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የእንጅባራንና የዳንግላን ክረምት ለምታውቁ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከጠቆረ መቀየር አለበት።

አልይዝ ሲል ደግሞ ሞተሩ እየዞረ ጉልበቱ ጎማ ላይ አይደርስም። ይህን ለማየት ሜዳና ባዶ መንገድ ላይ አራተኛ ማርሽ አስገቡ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጡት። ዙሩ ብቻውን ከዘለለ ይንሸራተታል። አንዴ አይታችሁ ተዉት። ሙከራው ራሱ ሸራ ይበላል።

አሁን ብዙ ወራት ወስዶብኝ የገባኝን ልንገራችሁ። ይህን ሙከራ ማርቆስ ላይ ሠርቼው አልፎ ነበር! ከበረሃው ሁለት ሳምንት በፊት ዙሩ ፍንክች አላለም። ታዲያ አባይ ላይ ለምን ዘለለ?

ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንደ እኔ መኪና ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ በግምት ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የደከመ ፍሪሲዮን የደከመ ሞተርን መያዝ ይችላል። ድልድዩ ያለበት ቦታ ግን 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ወደዚያ ስትወርዱ ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ሙቀቱ አለ። ዳገቱ አለ። ፍሪሲዮኑ ደጋ ላይ የደበቀው ድካም ቆላ ሲወርድ ይጋለጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ የምትኖሩ ሰዎች፣ ቤታችሁ አጠገብ ሞክራችሁ «ደህና ነው» ስትሉ ተጠንቀቁ።

ተቃራኒውም አለ። ከቆላ የመጣ ሰው ደጀን ላይ ሲደርስ መኪናው ስለከበደው ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል። ልዩነቱ ዙር መቁጠሪያው ላይ ነው። ሞተሩ ከደከመ ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ይንቀረፈፋሉ። ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ዙሩ ፍጥነቱን ጥሎት ይሄዳል።

ከበረሃው በኋላ ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ግን አይቸኩልም። ገና ምንም ሳይፈታ መኪናዋ ሥር ገብቶ «ጋሼ፣ ፔዳሉን ይርገጡልኝ» አለኝ። ረገጥኩ። «ይልቀቁ። እንደገና ይርገጡ።» ከዚያ ወጥቶ ጣቱን አሳየኝ፤ በፍሬን ዘይት ርሷል። ካምቢዮው ላይ ያለው የታችኛው ፖምፓ ያንጠባጥባል። የሚገፋው ሹካም መሄድ ካለበት ግማሹን ብቻ ነው የሚሄደው። ከመጀመሪያውም የነበረው ችግር ይኸው ነው። 8 ወር ሙሉ እያንጠባጠበ፣ እኔም በላይ በላዩ ዘይት እየሞላሁ ነዳሁት።

መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። ካምቢዮው ወርዶ ሲታይ ሸራው የሞተር ዘይት ጠጥቷል። ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ቮላኖው ላይም ሰማያዊ የቃጠሎ ነጠብጣቦች አሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ካምቢዮው ወርዶ እያለ ያን ጎማ ማንም አላየውም። ዋጋው ከሸራው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ትልቁ ወጪ ማውረዱና መስቀሉ ነው። ወርዶ ሳለ አለመቀየር ትልቅ በደል ነው።

በዚህ ዙር፣ ከ14 ወር በፊት፣ አይሲን ገዛሁ። አይሲን ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ ዕቃ የሚያቀርብ የጃፓን ድርጅት ነው። ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህንና ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) አብረው ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። የከፈልኩትም የኮፒውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቮላኖው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። የዘይት ማገጃው ተቀየረ። የታችኛው ፖምፓ ሙሉ በሙሉ አዲስ ገባ። ዘይቱም ተለውጦ አየሩ ወጣ።

የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነዳሁ። አዲስ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ድረስ ዳገት ላይ ማሰቃየት ጥሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ለውጥ እግሬ ነው የነገረኝ። ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ከ14 ወር በፊት የነበረበት ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት ማርሽ ይገባል። ቡሬ ገበያ ላይ ከባጃጆች መሀል ስነሳ አትንቀጠቀጥም። አባይ በረሃን 11 ጊዜ ደርሶ መልስ ወርጄ ወጥቻለሁ። በየሦስት ወሩ የአራተኛ ማርሹን ሙከራ የምሠራው አሁን እዚያው ቆላ ላይ፣ ድልድዩ አካባቢ ሜዳ ሲገኝ ነው። እስካሁን ዙሩ አልዘለለም።

አነዳዴንም ቀይሬያለሁ። ዳገት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ስቆም መኪናዋን በፍሪሲዮን አንጠልጥዬ አልይዛትም፤ የእጅ ፍሬን እስባለሁ። እግሬንም ፔዳሉ ላይ አላሳርፍም። ፔዳሉ ከላይ ትንሽ ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል፤ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር። እሱ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ይቆያል፤ ሳይታወቅም ይበላል። በየወሩ በጣቴ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ዘጠነኛው ወር ላይ ድምፅ ጀመረ። ማርሽ ሳይገባ፣ እግሬ ከፔዳሉ ተነስቶ፣ ሞተሩ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ፔዳሉን ስረግጥ ይጠፋል። መጀመሪያ አዲሱ ኩሽኔታ መስሎኝ በጣም ደነገጥኩ። ግን የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ቢሆን የሚጮኸው በተቃራኒው ነው፤ ሲረገጥ ነው። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮው የራሱ ነው፤ ከሞተር ጉልበት የሚቀበለው ዘንግ ኩሽኔታ። የካምቢዮ ዘይቱን ቀይሬ ትንሽ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ያ ልጅ እግር መካኒክ ካምቢዮውን ያወርደዋል። ያኔ የሸራውን ውፍረት ለክተን እስከዚያ ምን ያህል እንደተበላ እናያለን።