የጋብቻ ምዝገባ በባሕር ዳር፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ባለፈው ማክሰኞ ከባለቤቴ ጋር የጋብቻ ምስክር ወረቀት ልናወጣ አንድ ቀበሌ ሄድን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በተክሊል ከተጋባን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ግን በቤተ ክርስቲያንም ይሁን በኒካህ፣ በባህልም ይሁን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ ጋብቻ መመዝገብ አለበት።

ፍጥነቱን ላመስግን። ጠዋት 2፡30 ገብተን 3፡00 ሳይሞላ ወጣን። ስማችን ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም፤ ቀበሌ የተንከራተተ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። «ነገ ተመለሱ» አልተባልንም።

የተባሉት ከእኛ ፊት የነበሩት ባልና ሚስት ናቸው። የኒካህ ወረቀታችሁ ማህተሙ ደብዝዟል ተባሉና ወጡ። እኛ ስንቀርብ ጸሐፊዋ ወረቀታችንን አየት አድርጋ «ውይ፣ የጊዮርጊስ ልጆች ናችሁ?» ብላ ፈገግ አለች። የእኛም ማህተም እኮ ግማሹ የለም! ከጀርባዋ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፣ ከኮምፒውተሩ መዝሙር ይሰማል። መዝሙሩን እኔም ቤቴ ወጥ ስሠራ እከፍተዋለሁ።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ወንድሞቼ ሊሳለሙ ሲወርዱ እኔ ጀልባው ላይ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ጠብቄያለሁ፤ የገዳሙ ሥርዓት ነውና ቅር አላለኝም። ቀበሌ ግን ገዳም አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቢሆን ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥት ያደርጋት ነበር። የ1987ቱ አንቀጽ 11 ግን መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። እነዚያ ሰዎች መጥተው የተሰለፉት መዝገብ ፊት እንጂ ታቦት ፊት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቴን እስክቀበል ዝም አልኩ። ከተቀበልኩ በኋላ ነው «እህቴ፣ የእኛም ማህተም እኮ አይታይም» ያልኳት።

«የእናንተማ ይታወቃል» አለችኝ።

ባለቤቴ እጄን ይዞ አወጣኝ። ሰዎቹ በር ላይ ባጃጅ እየጠበቁ ነበር፤ ሴትየዋ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን።

ለፍጥነቱ ሦስት። ሁለቱን የቀነስኩት ለእሷ ነው። የምትሄዱ ሰዎች በጠዋት ድረሱ፤ እስክሪብቶም ያዙ፣ በገመድ የታሰረችው አትጽፍም።