የከበረ ድንጋይ ፍለጋ በዲጂታል ካርታ፦ ለየትኛው ድንጋይ የትኛው መሣሪያ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ጉግል ኧርዝ ይሻላል ወይስ አርክጂአይኤስ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «የምትፈልጉት ምን ድንጋይ ነው?» የሚለው ነው። ለወሎው ደላንታ ኦፓል የሚበጀው መሣሪያ ለጉጂው ሻኪሶ ኤመራልድ ላይረባ ይችላል። ደግሞ የትኛውም ሳተላይት ድንጋዩን ራሱን አያይም። የሚያየው ድንጋዩ ሊገኝበት የሚችለውን መሬት ነው። «ከሰማይ ኦፓል አሳያችኋለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሶፍትዌሩን ቶሎ እንጨርሰው። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ነፃ ነው። የቆዩ ምስሎችን ወደኋላ እየሄደ ያሳያል፤ ገደሉንና ቆፋሪዎች የከፈቱትን ቦታ ለማየት ግሩም ነው። ካርታ በካርታ ላይ ደርቦ ለመተንተን ግን አይሆንም። ያንን ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ እሱም ነፃ ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራው አርክጂአይኤስ ፕሮ ግን በየዓመቱ ይከፈልበታል። ባለሙያ ቀጥሮ ለሚያሠራ ኩባንያ ያዋጣ ይሆናል። በማህበር ለተደራጁ ወጣቶች ግን በእኔ እምነት የገንዘብ ብክነት ነው።

ኦፓል ፈላጊ ዋናው ጉዳዩ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መውጣት የጀመረው የደላንታው የወገልጤና ኦፓል ያለው በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መሃል፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ነው። ንብርብሩ አግድም የተኛ ስለሆነ እዚህ የተገኘበትን ከፍታ ይዞ ማዶ ያለው ገደል ላይ መፈለግ ይቻላል። ኤስአርቲኤም የሚባለው የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ በነፃ ይወርዳል። ንብርብሩን አያሳይም፤ ኪውጂአይኤስ ላይ ከፍታውን የሚከተል መስመር ለማስመር ግን ይበቃል። አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ሊስት ስለሚችል መስመሩን እንደ ቀበቶ እዩት እንጂ እንደ ክር አትመኑት።

እዚህ ላይ የጂፒኤስ ምርጫ ገንዘብ ያስወጣል። የጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ እና 32ኤክስ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። 32ኤክስ ግን የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ የሚናገር ባሮሜትር አለው። ጂፒኤስ ብቻውን ከጎንዮሹ ይልቅ ከፍታ ላይ ይበልጥ ይሳሳታል፤ ገደል ሥር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ለኦፓል 32ኤክስ ይሻላል። ጠዋት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ አስተካክሉት፤ አየሩ ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። ለሌላው ድንጋይ 22ኤክስ፣ ወይም ኪውፊልድ የተጫነበት ስልክ ይበቃል። ኪውፊልድ የኪውጂአይኤስን ካርታ ያለ ኔትወርክ ስልክ ላይ ይከፍታል።

ድሮን ቀጥ ያለ ገደልን ከፊት ለፊት ስለሚያነሳ ከሳተላይት ይበልጣል። ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ግን ጣጣ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ጊዜ በወሎ ሰማይ የድሮን ድምፅ የሚያስደስተው ገበሬ ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ይቅርብኝ እላለሁ።

ኤመራልድ ሌላ ታሪክ ነው። ኤመራልድ የሚሠራበትን ቤሪሊየም የሚያመጣው ፔግማታይት የሚባለው ትልልቅ ክሪስታል ያለው ድንጋይ ነው፤ አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠውን ክሮሚየም የሚያመጣው ደግሞ ታልክ የሚባለው ለስላሳ ማዕድን የበዛበት ጎረቤት ድንጋይ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ነው። ሴንቲኔል-2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል በ10 ሜትር ጥራት፣ በአምስት ቀን አንዴ፣ በነፃ ይገኛል። የብረት ዝገት የበዛበትን መሬት ይለያል፤ ታልክን ለመለየት ግን የሚያያቸው የብርሃን ሞገድ ክፍሎች ያንሱታል። ለዚያ አስተር የሚባለው ሌላ የሳተላይት ምስል ይሻላል፤ እሱም ነፃ ነው። ስታወርዱ ቀኑን እዩ፦ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዳሳሹ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 ስለተበላሸ ከዚያ ወዲህ ያሉት ምስሎች አይጠቅሟችሁም። ወርልድቪው-3 የሚባለው ሳተላይት ከሁሉም ይበልጣል፣ ጥቁርና ነጭ ምስሉ የ31 ሴንቲ ሜትር ጥራት አለው። ግን ይከፈልበታል፤ ቁራሽ መሬት ብቻ ቆርጠው አይሸጡላችሁም። የሻኪሶ አካባቢ ደግሞ ደንና ቁጥቋጦ የሸፈነው ነው፤ ቅጠል በሸፈነው ቦታ ውዱም ርካሹም ምስል እኩል ይታወራል። ስለዚህ ለጉጂ ምስል ከመግዛት በፊት 1:250,000 የጂኦሎጂ ካርታውን ፈልጉ። በእሱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ስለሆነ ቦታ ይጠቁማል እንጂ ጉድጓድ አያሳይም።

በአክሱም አካባቢ ለሚወጣው ሰንፔር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከባዛልት ተፈርፍሮ ጅረት ያወረደው ስለሆነ፣ ያንኑ ነፃ የከፍታ መረጃ ተጠቅማችሁ ውኃው የሚወርድበትን መስመር አውጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ የማዕድን ሚኒስቴርን የፈቃድ ካዳስተር፣ ማለትም የትኛው መሬት በማን ፈቃድ እንደተያዘ የሚያሳየውን ካርታ ተመልከቱ፤ ቦታው ሌላ ሰው ፈቃድ የወሰደበት ከሆነ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ የጂፒኤሱን ማስተካከያ ክፈቱ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የቦታ ቁጥር የሚቆጠረው አዲንዳን ከሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው፣ ጂፒኤሱ ግን ሲገዛ የሚመጣው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ከቆየ ካርታ ያነበባችሁትን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚናገረውን) ሳትቀይሩ ካስገባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ደላንታ ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ገደል ነው።