የስብ መቶኛ የሚነግረው የቤት ሚዛን፦ ለየትኛዋ ሴት ተሠራ?

ሚዛኑ ክብደት ላይ ጎበዝ ነው። የስብ መቶኛው ግን ግምት ነው፦ ደካማ ኤሌክትሪክ በአንዱ እግር አስገብቶ በሌላው ያስወጣና የገጠመውን ተቃውሞ ይለካል። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከወገብ በታች ስለሚዞር፣ የሆድና የክንድ ስብ በቀመር ይሞላል። ቀመሩ ደግሞ ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ይጠይቃል እንጂ የማን ዘር እንደሆንሽ አይጠይቅም።

ቆዳ ቆንጥጦ የሚለካው ካሊፐርም ከዚህ አያመልጥም። ከልኬቱ የሰውነት እፍጋት (በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ያለው ክብደት) ይገመታል፤ ይህም ወደ ስብ መቶኛ የሚቀየረው ብዙውን ጊዜ ሲሪ በሚባል ቀመር ነው፤ እሱም ከስብ ውጭ ያለው አካል እፍጋት በኩብ ሴንቲሜትር 1.1 ግራም ነው ብሎ ይነሳል። አጥንታቸው ይበልጥ ጥቅጥቅ ላለ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች 1.106 አካባቢ ተገኝቷል። የሰውነት እፍጋቷ 1.040 የሆነ ሴት በሲሪ 26 በመቶ ስትባል፣ በተስተካከለው ስሌት ከ27 ታልፋለች። የደቡብ እስያ ሴቶች ደግሞ በእኩል ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር ሲሰላ) ከነጭ ሴቶች የበለጠ ስብ ይኖራቸዋል። ለጥቁር አሜሪካውያን የወጣው ቀመር ለሐበሻ ሴት ልክ ይመጣል ብሎ መገመትም ያው ስህተት ነው።

ሚዛኑን ከገዛሽው፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ውሃ ሳትጠጪ ውጪበት። የደረቀ ወይም የሻከረ ተረከዝ ተቃውሞውን ስለሚጨምር ስቡን ያበዛዋል፤ እግርሽን በእርጥብ ፎጣ አበስ አድርጊ። «አትሌት» የሚለውን ምርጫ አትንኪው፤ ቀመሩን ቀይሮ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ስቡ ግን እዚያው ነው። በእርግዝና ጊዜ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ለተገጠመላት አይሆንም።