ለጅማ ቤት የቱ ይሻላል፦ ማፍላት፣ ክሎሪን፣ ሴራሚክ ማጣሪያ ወይስ አር ኦ?

ባለፈው ክረምት እዚሁ ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ደረደረልኝ። አንዱ የቧንቧ ነው፣ ሌላው ከሚሸጠው የአር ኦ ማሽን (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት አሳልፎ የሟሟውን ነገር የሚያስቀር ማጣሪያ) የወጣ። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሏትን ትንሽ መሣሪያ ሁለቱም ውስጥ ነክሮ ሶኬት ላይ ሰካት። ትንሽ ቆይቶ የቧንቧው ውሃ ዝገት መሰለ። የአር ኦው ግን ጥርት እንዳለ ቀረ። «አየህ ወንድሜ፣ የምትጠጣውን?» አለኝ። ኬሚስትሪ ተምሬም እንኳ ደነገጥኩ። ኪሴን ልዳብስ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየምን የመሰሉ የሟሙ ማዕድናት አሉ። እነሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ደግሞ የመሣሪያዋ ብረት ራሱ እየሟሟ ይዝጋል። ያ ቡናማ ነገር የዘንጉ ዝገት ነው እንጂ የውሃው ቆሻሻ አይደለም። የአር ኦ ውሃ ማዕድኑ ስለወጣለት ኤሌክትሪክ እንደልብ አያልፍበትም። ስለዚህ አይደፈርስም። ቁንጥር ጨው ጣል ቢደረግበት እሱም እንደዚያው ይሆናል። «ትንሽ ጨው ታገኝልኛለህ?» ስለው ሳቅ ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ማሽኑ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ውሃ ውስጥ የሚያስቸግረን ነገር ሦስት ዓይነት ነው፦ የተንሳፈፈ ጭቃ፣ ሕይወት ያለው ጀርም፣ እና የሟሟ ነገር። አር ኦ ጎልቶ የሚወጣው በሦስተኛው ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፍሎራይዱ (የሟሟ ማዕድን ነው) የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚያልፍ ጉድጓድ ብዙ ነው። የዚያ አገር ልጆች ጥርስ የሚበልዘውም በዚሁ ነው። ፍሎራይድ ብታፈሉት አይጠፋም። ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። እዚያ ብኖር አር ኦ እገዛ ነበር።

ጅማ ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም። የኛ ጣጣ ቀይ አፈርና ጀርም ነው። አዌቱ ወንዝን በሐምሌ ያየ ሰው ይገባዋል። ቧንቧውም በፈረቃ ሲመጣ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ግፊት በሌለበት ሰዓት በተሰነጠቀ ቱቦ የውጭ ውሃ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ብላችሁ ውድ ሜምብሬን (ያ ረቂቅ ወንፊት) ያለው፣ ግፊትና መብራት የሚፈልግ፣ ከሚያጣራው በላይ ውሃ ሊደፋ የሚችል ማሽን መግዛት ለብዙዎቻችን አያዋጣም። ውሃ በፈረቃ እያገኙ ውሃ መድፋት!

ማፍላት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች። ስለዚህ ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አትስጉ፣ ተንፈቅፍቆ ከፈላ ለጀርም ይበቃዋል። የፈላ ውሃ ጣዕም የለውም የሚባለው ውስጡ የሟሟው አየር ስለሚወጣ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ከንጹሕ ዕቃ ወደ ንጹሕ ዕቃ ሁለት ሦስቴ ብትገለብጡት አየሩ ይመለሳል።

የማፍላት ችግሩ ሂሳቡን በምንተነፍሰው አየር መክፈላችን ነው። ኮጪ ሰፈር ያለችው አክስቴ ለዓመታት በከሰል ስታፈላ ኖራለች፤ ያውም ብርድ ነው እያለች በር ዘግታ። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። «ራሴን አመመኝ» ስትል ጭሱ ነው ትላለች። ጭስ ቢሆንማ ይታያል። በመብራት ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለማፍላት ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ለሕፃን ውሃ ጥሩ ነው። ለቤተሰብ ሙሉ በየቀኑ ግን ከባድ ነው።

ክሎሪን

ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው። ውሃ አጋርን የመሰሉ ፈሳሾች ውስጣቸው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ትልቁ ጥቅሙ ጀሪካኑ ውስጥ ቀርቶ መጠበቁ ነው። ልጅ እጁን ቢከት እንኳ የተረፈው ክሎሪን ይሠራል። ይህን ሌሎቹ አያደርጉም።

ጠላቱ ጭቃ ነው። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ብትጨምሩ ጀርሙን ትቶ ቆሻሻው ላይ ያልቃል። ሎሚም እንደዚሁ፦ ቫይታሚን ሲው ክሎሪኑን ያጠፋዋል። ሽታውን ለመቀነስ ብላችሁ ሎሚ ከጨመቃችሁ 30 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ይሁን። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ደግሞ ክሎሪን አይችለውም።

ክረምት ላይ የኔ ምርጫ ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት ነው። በኦሮምኛ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው። አንዱ ከረጢት ለ20 ሊትር ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው እየተገፋፉ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ዱቄቱ ያን ሙላት ይሰብረዋል። ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ እርጎ ይረጋሉ፣ ይዘቅጣሉ። ክሎሪኑም አብሮ አለበት። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ መቅዳት ብቻ ነው። ማማሰሉ ይሰለቻል፤ አልዋሽም።

ሴራሚክ ማጣሪያ

ባለ ሁለት ባልዲው፣ ውሃውን በተተኮሰ ሸክላ ረቂቅ ቀዳዳ የሚያጣራው፣ ከላይ አፍስሰው ከታች በቧንቧ የሚቀዱት ማለቴ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ጣዕም አይለውጥም። ባክቴሪያና ክሎሪን ያቃተውን ተውሳክ ይይዛል። ቫይረስ ግን ቀዳዳው ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። እኔ የገዛሁት ሐምሌ ላይ ነበርና በሳምንቱ ተደፈነብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድፍርሱን በቀጥታ ነበር የማፈስበት። አሁን ውሃውን አሳድሬ፣ ከላይ የጠለለውን ቀድቼ ነው የምጨምረው። ስትገዙ ሴራሚኩን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ተዉት። መለዋወጫው ጅማ ውስጥ መገኘቱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከቆርቆሮ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ያለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ ይድፋው፤ ጣሪያውን ያጠበ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማዕድን የለሽ ነው፣ ሳሙና በደንብ አረፋ ይይዝበታል። ያንን በአር ኦ ማጣራት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ጀርም ግን አያጣም፤ ክሎሪን ጨምሩበት።

ቤቴ በጋ ላይ ሴራሚኩ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ከረጢቱ ይወጣል። የሕፃን ውሃ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይፈላል። ለአክስቴም ክሎሪን ወሰድኩላት። «መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል» ብላ ለጀበናዋ ብቻ ትጠቀምበታለች። ቡናው ሲፈላ አይሸትም አለች። የሚጠጣውን አሁንም በከሰል ነው የምታፈላው፤ በሩን ግን መክፈት ጀምራለች።