ተርሚናሉን የሚጠይቁና የማይጠይቁ፦ ደብልዩጌት፣ ከርል፣ ግሬፕ እና የቢሮ ስክሪፕቶች

ባሕር ዳር ሆኖ ደብረ ማርቆስ ያለ ሰርቨር ከስልኩ፣ ተርሙክስ በሚባለው የአንድሮይድ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ለሚያስተዳድር ሰው አንድ ፕሮግራም ሥራውን መሥራቱ ብቻ አይበቃውም። ፕሮግራሙ የት ላይ እየጻፈ እንደሆነም፣ ተርሚናል ላይ ይሁን ፋይል ውስጥ፣ ራሱ ማወቅ አለበት። ቀጥ ብሎ የተያዘ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ 80 አምድ (በአንድ መስመር 80 ፊደል) አይይዝም።

በዚህ መለኪያ ፋይል አውራጁ ደብልዩጌት አንደኛ ነው። ተርሚናል ሲያገኝ የሂደት ባር (ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳይ መስመር) ይስላል፤ ውጤቱ ወደ ፋይል ከዞረ ባሩን ትቶ ነጥብ ይደረድራል። አንዱ ነጥብ 1 ኪሎባይት፣ በመስመር 50 ነጥብ ነው። 100 ሜጋባይት ሲወርድ ሎጉ (የሂደቱ መዝገብ ፋይል) ከ2,000 መስመር ያልፋልና ለትልቅ ፋይል «ዶት ሜጋ» የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ አንድ መስመር 3 ሜጋባይት ይሸከማል።

ሌላው አውራጅ ከርል ሥራው ላይ አይታማም፣ ወሬው ግን ይበዛል። የሂደት ሠንጠረዡን ወደ ስታንዳርድ ኤረር (ለስህተት መልእክት ወደተለየው መውጫ) ስለሚጽፍ፣ እሱን ወደ ሎግ ብታዞሩትም መጻፉን አይተውም። ክሮን (ሥራን በቀጠሮው ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ስታስገቡት ትንሹን ኤስና ትልቁን ኤስ የሚባሉትን አማራጮች አብራችሁ ስጡት፦ ትንሹ ዝም ያሰኘዋል፣ ትልቁ ስህተት ሲፈጠር ብቻ ያናግረዋል።

ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፕ ቀለሙ «አውቶ» ላይ ከሆነ ጨዋ ነው። «ኦልዌይስ» ያደረገ ሰው ግን ፋይሉ ውስጥ ኢስኬፕ፣ ቅንፍና ቁጥር (የቀለም ኮዶች) ሲያገኝ ግሬፕን አይውቀስ።

የባሰባቸው በየቢሮው የሚጻፉት የባክአፕ ስክሪፕቶች ናቸው። ስፋቱ 80 ነው ብለው ባር ይስላሉ። ባሩ ከስክሪኑ ሲተርፍ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ካሬጅ ሪተርን የሚባለው ምልክት ደግሞ ጠቋሚውን የሚመልሰው ወደ መጨረሻው መስመር መነሻ ብቻ ነው። የላይኛው ቁራጭ ሳይጠፋ ይቀራል፣ መቶኛው በጨመረ ቁጥር ሌላ ቁራጭ ይደረብበታል፣ እውነተኛው የስህተት መልእክት ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ውጤቱ ወደ ተርሚናል ይሄድ እንደሆነ «ቴስት» የሚባለውን ትእዛዝ በ«ዳሽ ቲ 1» ጠይቁ፤ ተርሚናል ካልሆነ ባርም ቀለምም አያስፈልግም። ከሆነ ስፋቱን ከ«ቲፑት ኮልስ» (የተርሚናሉን አምድ ብዛት ከሚናገረው ትእዛዝ) ወስዳችሁ 1 ቀንሱ፤ ቀለሙንም በእጅ ከመጻፍ ከቲፑት ውሰዱ። «ኖ ከለር» የሚባለው፣ ተጠቃሚው ቀለም አልፈልግም የሚልበት ተለዋዋጭ ተሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ቀለሙን እርሱት።

ሞኒተር በቀጥታ ለተሰካበት ሰርቨር፣ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ «ጎሃ» የሚባል የግዕዝ ፎንት አለ። የሊኑክስ ኮንሶል (በዚያ ሞኒተር ላይ የሚታየው የጽሑፍ ስክሪን) በአንድ ፎንት ከ512 ቅርጽ በላይ አይይዝም፤ ለኢሞጂ ቦታ የለውም። «ተሳክቷል» በማለት ፋንታ አረንጓዴ ኢሞጂ፣ «ከሽፏል» በማለት ፋንታ ቀይ ኢሞጂ ብቻ የሚያወጣ ጫኚ እዚያ ላይ ለሁለቱም ያንኑ መተኪያ ምልክት ያሳያል።