ለአሮጌ መኪና ትርኢት፦ ሞሪስ ማይነር ወይስ ኤምጂቢ?

እንግሊዝ አገር ሰመር ሲገባ የአሮጌ መኪና ትርኢት የሌለበት ቅዳሜና እሁድ አይገኝም። ሰው መኪናውን ሣር ላይ ያቆማል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ሻዩን ይዞ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው ይጠይቃል፣ እሱ ያወራል። በቃ፣ ትርኢት ማለት ይኼው ነው። እዚህ ጨዋታ ውስጥ መግባት ለምትፈልጉ፣ ዋጋቸው የሚቀመስና መለዋወጫ የማይጠፋላቸው ሁለት መኪኖች አሉ። ሁለቱንም ይዤ አይቻቸዋለሁ።

ሞሪስ ማይነር ከ1948 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ ነው፤ ኋላ ሚኒ የምትባለውን ትንሿን መኪና የነደፈው ራሱ። እኛ አገር ቮልስ እንዳለ ሁሉ እዚህ ማይነር አለ። የአያት፣ የአስተማሪ፣ የነርስ መኪና ነው። ኤምጂቢ ደግሞ ባለ 1.8 ሊትር የስፖርት መኪና ነው። ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተሠርቶ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወጥቷል።

ሣሩ ላይ ማይነር ያሸንፋል። የኔ ከ1961 በፊት የተሠራ ስለሆነ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም የሚል አይደለም። ከበሩ ኋላ እንደ ክንድ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ሕፃን "ድገመው" እያለ ሩብ ሰዓት አስቆመኝ፤ ባትሪዬን ሊጨርሰው ነበር። በኤምጂቢ ስሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከጎኔ ሌሎች ሦስት አራት ኤምጂቢዎች ተደርድረው አገኛለሁ። ኤምጂቢ ካላችሁ ፓራውልቱ ኒኬል የሆነውን፣ ከ1974 መጨረሻ በፊት የተሠራውን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፓራውልቱ ጥቁር ጎማ የለበሰ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ማንም ፎቶ አያነሳውም።

መንገድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኤምጂቢ በሞተርዌይ ከሌላው መኪና እኩል ይሄዳል፣ የፊት ፍሬኑም ዲስክ ነው። የማይነር ፍሬን ግን አራቱም ጎማ ላይ የድሮው ታምቡር ነው። ከከባድ መኪና ኋላ ተለጥፋችሁ ስትሄዱ ፍሬን ቀድማችሁ ማሰብ አለባችሁ።

ዋናው ነገር ግን ዝገት ነው። ኤምጂቢ ሻንሲ የለውም። ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ነው፤ የሚበሰብሰውም መጀመሪያ እሱ። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ቤት ወስጄ ማግኔት ሳስጠጋ ከበሩ ሥር አልይዝ አለ። ለካ ሁሉም ስቱኮ ነው! እናንተ ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩ። በሩንም ከፍታችሁ ዝጉት፤ ጠርዙ የሚፋተግ ከሆነ ወገቡ ሄዷል። ማጽናኛ ቢባል፣ ለኤምጂቢ አዲስ ሙሉ ቦዲ ከ1988 ጀምሮ ይሠራል።

ማይነር ላይ የምትፈሩት ሌላ ነው። የፊት ጎማው የሚዞርበት መጋጠሚያ ግራሶ ካጣ ያልቅና አንድ ቀን ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል። የቀድሞው ባለቤት ግራሶ መቼ እንደጨመረ ጠይቁ። ሲንተባተብ ዋጋ ቀንሱ። ትራቬለር የሚባለው ባለ እንጨቱ ማይነር ካማራችሁ ደግሞ እንጨቱ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ኋላውን የያዘው እሱ ነው። በቁልፍ ጫፍ ጫን ስትሉት ከገባ ተዉት።

የቦሎ ነገር ለሁለቱም አንድ ነው። 40 ዓመት የሞላው መኪና የመንገድ ግብር አይከፍልም፣ በብዛት ካልተለወጠ ዓመታዊ ምርመራም አይገደድም። ኢንሹራንስ ግን ግድ ነው። ቤንዚን ስትሞሉ ኤታኖል የበዛበትን ኢ10 ትታችሁ ያነሰበትን ኢ5 ውሰዱ፤ ኤታኖሉ የድሮ የጎማ ቱቦ ይበላል።

ትርኢቱ ሩቅ ከሆነና ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ኤምጂቢ ግዙ። ልጆች ካሏችሁ ማይነር። እኔ ኤምጂቢውን ሸጫለሁ። ማይነሩ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች፣ ቴርሞስና የዳቦ ቆሎ ይዞ በቀስታ ይሄዳል፤ የምንደርሰውም ሁልጊዜ የመጨረሻው ቦታ ሲቀር ነው።