ከሐይቅ ሥር ይቅር ወይስ ዳግም ይሩጥ? ክሩሴደር እና ብሉበርድ ኬ7

ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1952 በስኮትላንዱ ሎክ ኔስ፣ ዶናልድ ካምቤል ደግሞ በ1967 በእንግሊዙ ኮኒስተን ሐይቅ የውሃ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲያሳድዱ ሞቱ። የጀልባዎቻቸው ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ።

የኮብ «ክሩሴደር» እስካሁን ሐይቁ ወለል ላይ ናት። ከ2005 ጀምሮ ስብርባሪዋ በቅርስነት በሕግ ይጠበቃል። የአደጋው ምስክር ሳይነካ ይቆያል ማለት ነው፤ የሚያየው ሰው ግን የለም።

የካምቤል «ብሉበርድ ኬ7» ግን በ2001 ከሐይቁ ወጣች። በ1964 አውስትራሊያ ውስጥ በሰዓት 444 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረረችው ጀልባ የተጨማደደ ቆርቆሮ ሆና ነበር። ቢል ስሚዝ የመራቸው በጎ ፈቃደኞች በእንግሊዟ ኖርዝ ሺልድስ ከተማ ለዓመታት ለፉባት። እኔን የማረከኝ አሠራራቸው ነው፦ አዲስ አካል ሠርቶ ስሙን ከመለጠፍ ይልቅ፣ የተጣመመውን የድሮ ብረት በተቻለ መጠን አቃንተው ወደ ቦታው መለሱ። የጄት ሞተሩ ግን ሌላ ነው፤ ዓይነቱ ያው በአደጋው ጊዜ የነበረው፣ ኦርፊየስ የሚባለው ነው። በነሐሴ 2018 በስኮትላንዱ ቢዩት ደሴት፣ በሎክ ፋድ ሐይቅ፣ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጠች።

ሰው የሞተበትን ጀልባ ማስነሳት ነውር ነው የሚል አይጠፋም። ስብርባሪውን ለኮኒስተኑ ረስኪን ሙዚየም የሰጠው ግን የካምቤል ቤተሰብ ራሱ ነው፤ ስለዚህ እኔ ለእድሳቱ አደላለሁ። ችግሩ የመጣው ከጥገናው በኋላ ነው፦ ጀልባዋ የማን ናት በሚል ሙዚየሙና አዳሾቹ ተካሰሱ። በ2024 ወደ ኮኒስተን ተመለሰች። ክሩሴደርን በተመለከተ እንዲህ ያለ ጠብ የለም።